አክስታችሁ «ሒሳብ አስጠናኝ» ብትላችሁ

በዚህ እትም ስለ ራሳችን ፈተና ሳይሆን ስለ ታላላቆቻችን ፈተና እናወራለን።

አክስቴ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ጅዳ ሄደች። ዓመታት ሠርታ በጋብቻ አሜሪካ ገባች፤ አሁን 38 ዓመቷ ነው፤ ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን ትንከባከባለች። ነርስነት ለመማር ልትመዘገብ ስትሄድ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ተጠየቀች። የላትም። ደውላ «አንተ ዩኒቨርሲቲ አይደለህ? ሒሳብ አስጠናኝ» አለችኝ። ከእናንተም እንዲህ ያለ ስልክ የሚደርሰው ይኖራል።

ፈተናው ጂኢዲ ይባላል። በ1942 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የታሰበው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ትምህርት ላቋረጡ ወታደሮች ነበር። ዛሬ አራት ክፍል አለው፦ ቋንቋ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ። ውጤቱ ከ100 እስከ 200 ሲሆን ማለፊያው በእያንዳንዱ 145 ነው፤ አንዱን በሌላው ማካካስ የለም። ደግነቱ፣ አራቱን በአንድ ጊዜ መፈተን ግዴታ አይደለም። አንድ በአንድ፣ ራስ በመረጡት ቀን ይሆናል። (አንዳንድ ግዛቶች ሀይሴት የሚባል ሌላ ፈተና ስላላቸው አስቀድማችሁ አስጠይቁ።)

ጥያቄው በእንግሊዝኛ ወይም በስፓኒሽ ነው የሚመጣው፤ አማርኛ የለም። ስለዚህ ሒሳቡም ግማሹ ንባብ ነው።

እኔ ከአልጀብራ ጀመርኩ። ስትሳሳት «ይሄማ የሰባተኛ ክፍል ነው» አልኳት። ሦስት ሳምንት ስልኬን አላነሳችም። ለታላቅ እንዲህ አይባልም፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ ጠየቅኳት። «በዚህ ዕድሜዬ» ብላ አፍራ ነበርና፣ ኢማሙ ቡኻሪ በሶሒሓቸው የዒልም ምዕራፍ ሶሓባዎች በትልቅ ዕድሜያቸው መማራቸውን እንዳሰፈሩ ነገርኳት።

ስትመለስ ከቅናሽ ጀመርን። የ40 ዶላር ጫማ 15 በመቶ ቢቀንስ? «የ40 አንድ አሥረኛ?» 4። «የሱ ግማሽ?» 2። ቅናሹ 6፣ ዋጋው 34። «ለዒድ ስገዛ ሁሌ የማደርገው አይደል እንዴ!» ብላ ሳቀች።

ከዚያ አዞርነው፦ ከ15 በመቶ ቅናሽ በኋላ 34 ዶላር የተሸጠ ጫማ መጀመሪያ ስንት ነበር? ብዙ ሰው የ34ን 15 በመቶ አስልቶ ይደምርና 39 ዶላር ከ10 ሳንቲም ይላል። ስሕተት ነው፤ ቅናሹ የተሰላው ከመጀመሪያው ዋጋ እንጂ ከ34 አይደለም። 34 የዋጋው 85 በመቶ ነው። 85 ውስጥ 5 አሥራ ሰባት ጊዜ አለ፤ 34 ለ17 ሲካፈል 2። 5 በመቶው 2 ከሆነ መቶው 40 ነው። ያልታወቀውን ዋጋ «ኤክስ» ብላ የጻፈችው ያን ቀን ነው። አልጀብራ መሆኑን የነገርኳት በማግስቱ።

በሒሳቡ መጀመሪያ ላይ ካሉት ጥቂት ጥያቄዎች በስተቀር ካልኩሌተር ይፈቀዳል፤ የቀመር ወረቀትም አለ። ቀመር በማሸምደድ አታድክሟቸው። ለዋናው ከመክፈላቸው በፊት «ጂኢዲ ሬዲ» የተባለውን መለማመጃ ይሞክሩ፤ የቱ ላይ እንደሚደክሙ ያሳያል።

አክስቴ ማኅበራዊ ሳይንሱን በ151 አልፋለች። ሒሳቡን ረመዷን ካለፈ በኋላ ትቀመጣለች። እስከዚያው እሁድ እሁድ፣ እሷ ከሌሊት ሥራ ስትገባ፣ እኔ ዐስር ሰግጄ ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ።