የስንዴን ሥር የሚያበሰብሰው ሻጋታና የሰብል ማፈራረቅ ጥቅም

ስንዴ በገበያ የተወደደ እህል ስለሆነ ብዙ ገበሬ በአንድ ማሳ ላይ ዓመት በዓመት ሊዘራው ይፈልጋል። በመጀመሪያው ዓመት ምርቱ ደስ ያሰኛል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ግን ዝናቡ ሳይጐድል አዝመራው እየሳሳ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ «መሬቱ ደከመ» ይባላል። መሬት መድከሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን የምርቱ መጉደል ምክንያት ብዙ ጊዜ በአፈሩ ውስጥ የተራባ ሻጋታ ጭምር ነው።

ሊቃውንት ጌውማኖሚሴስ የሚሉት ይህ ሻጋታ ወደ ስንዴው ሥር ገብቶ ውሃና ምግብ የሚተላለፍበትን መንገድ ይዘጋል። ከአጨዳ በኋላም በማሳው በሚቀረው ሥርና አገዳ ውስጥ ተሸሽጎ የሚመጣውን ዘር ይጠብቃል። ተከታዩ ዘር ስንዴ ከሆነ አዲስ ሥር አግኝቶ ይበረታል። ባቄላ ከሆነ ግን የሚመገበው ያጣል፤ በዚህም መካከል የተሸሸገበትን አገዳና ሥር ሌሎች የአፈር ተሐዋስያን ያበሰብሱበታል። የሰብል ማፈራረቅ ዋና ምሥጢር ይኸው ነው።

የበሽታው ምልክት

በሽታው በያዘው ማሳ፣ ሌላው ስንዴ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ እዚህና እዚያ የደረቁና የነጡ ዛላዎች ይታያሉ፤ ፍሬያቸውም የጨመተረ ወይም ባዶ ነው። ድርቅም ዛላን ሊያነጣ ስለሚችል ገበሬው አንዱን ስንዴ ነቅሎ ሥሩን አጥቦ ይመልከት። ሥሩ ጠቁሮ በቀላሉ የሚበጠስ፣ የአገዳውም ታችኛ ክፍል ጥቁር ከሆነ ይህ ሻጋታ እንደ ገባ ይገመታል።

የሮትሀምስተድ ምሳሌ

በእንግሊዝ አገር ሮትሀምስተድ በተባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ፣ ሎውስና ጊልበርት የተባሉ ሰዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ዓ.ም. ብሮድባልክ በሚባለው ማሳ ላይ በየዓመቱ ስንዴ መዝራት ጀመሩ። በ1968 ዓ.ም. ማሳው በክፍል ተከፍሎ፣ ስንዴ ያልተቋረጠበት ቦታና ሌላ ሰብል የተፈራረቀበት ቦታ እንዲነጻጸሩ ተደረገ። ከዕረፍት በኋላ የተዘራው የመጀመሪያው ስንዴ ሳይቋረጥ ከተዘራው ይበልጥ እንደሚያፈራ ታይቷል።

እርግጥ ስንዴ ለብዙ ዓመታት ሳይቋረጥ ሲዘራ፣ በሽታው ከበረታ በኋላ መልሶ ይቀንሳል፤ ሻጋታውን የሚያጠቁ ባክቴሪያዎች በሥሩ ዙሪያ ስለሚበዙ ነው። ዳሩ ግን እስከዚያ ድረስ የክፉዎቹን ዓመታት ኪሣራ የሚሸከመው ገበሬው ነው፤ ምርቱም እንደ ተፈራረቀው ማሳ አይሆንም።

ለማፈራረቅ የሚስማሙ ሰብሎች

ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ተልባና ጎመን ዘር ይህን ሻጋታ አይመግቡም። ከእነዚህም ባቄላና አተር ናይትሮጅን ለአፈሩ ስለሚተዉ ጥቅማቸው እጥፍ ነው። ገብስ ግን የስንዴ ዘመድ ስለሆነ፣ ጉዳቱን ከስንዴ ይልቅ ቢችልም፣ ሻጋታውን ያኖረዋል። በኤርትራ ደጋ ሐንፈጽ የሚባለው የገብስና የስንዴ ድብልቅም ሌላ ጥቅም ቢኖረው ለዚህ በሽታ እንደ ዕረፍት አይቆጠርም። በባቄላው ማሳ ራሱ የበቀለ ስንዴና የሣር ወገን የሆነ አረም ካልታረመም ሻጋታው በእነርሱ ይከርማል።

ሦስት ጥማድ ያለው ገበሬ አንዱን ባቄላ፣ አንዱን ስንዴ፣ አንዱን ገብስ ቢያደርግ፣ በየዓመቱም ስንዴውን ባቄላ በነበረበት፣ ገብሱን ስንዴ በነበረበት፣ ባቄላውን ገብስ በነበረበት ቢያዛውር፣ ስንዴ ሳይዘራ የሚያልፍበት ዓመት አይኖርም። ባቄላም የራሱ በሽታ ስላለው በአንድ ቦታ አይደጋገም።

ማፈራረቅ የማይከለክለው

ዋግ ከሩቅ በነፋስ ስለሚመጣ በማፈራረቅ አይታገድም። በ2013 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በባሌና በአርሲ ዲጋሉ የተባለውን የስንዴ ዘር ያጠፋው የግንድ ዋግ ነበር፤ መከላከያውም ዋግን የሚቋቋም ዘር መምረጥና በጊዜው መድኃኒት መርጨት ነው። ማዳበሪያም ስንዴውን በማበርታት የሥሩን ጉዳት ያቀልላል እንጂ ሻጋታውን ከአፈር አያወጣውም። ስለዚህ የዛላው መንጣት የታየበት ገበሬ፣ ለማዳበሪያ ተጨማሪ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሥሩን ነቅሎ ይመርምር፤ ጠቁሮ ካገኘውም በሚመጣው ክረምት በዚያ ማሳ ላይ ስንዴም ገብስም አይዝራ።