ስለ ተረከዝ ጅማት ሕመም

በሰው አካል ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ብርቱው፣ የባትን ሥጋ ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ነው። ሰው ሲራመድ፣ ዳገት ሲወጣና ሲሮጥ ተረከዙን ከምድር የሚያነሣለት ይኸው ጅማት ነው። በግሪኮች ተረት ከተረከዙ በቀር በሌላ አካሉ የማይቈስል በነበረው ጀግና ስም የአኪሌስ ጅማት ይባላል።

ጅማቱ ብርቱ ቢሆንም የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለ ሆነ ጉዳቱ ቶሎ አይጠገንም። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ሥራ በድንገት ሲበዛበት ነው፤ ይኸውም ሳይለማመዱ ረጅም መንገድ እንደ መሄድ፣ ወይም ከብዙ ወራት ዕረፍት በኋላ ኳስ እንደ መጫወት ያለ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሰሉ መድኃኒቶችም ጅማትን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ እነዚህን ሲወስድ ጅማቱን ያመመው ሰው ሳይዘገይ ለሐኪም ይንገር።

ምልክቱ፤ ጧት ከመኝታ ሲነሡ ጅማቱ ይደርቃል፣ ጥቂት ሲራመዱ ይለቃል፤ በጣት ሲጫኑት ያማል፤ አንዳንድ ጊዜም ወፍሮ ይታያል።

በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ሰው እስኪድን ድረስ ከአልጋው አይወርድም፤ ሌላው ደግሞ በብርቱ እጅ ይታሻል። ነገር ግን ጅማት ሥራ ፈጽሞ ሲያጣ ይደክማል፤ በብርቱ መታሸትም አይጠግነውም። የሚያጠነክረው በመጠን የተሰጠው ሥራ ነው። ስለዚህ፦

1ኛ/ ሩጫንና ዝላይን ለጊዜው መተው፤ በዝግታ መራመድን ግን አለማቋረጥ።

2ኛ/ ተረከዙ ጥቂት ከፍ ያለና የማይቈረቍር ጫማ ማድረግ።

3ኛ/ ግድግዳ ተደግፎ በደረጃ ጫፍ ላይ በፊተኛው የእግር መዳፍ መቆም፤ በደኅናው እግር ከፍ ብሎ፣ የታመመውን ተረከዝ በዝግታ ከደረጃው በታች ማውረድ። የስዊድን ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰንና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ባስታወቁት ሥርዐት፣ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ሸብረክ አድርጎም እንዲሁ፣ በቀን 2 ጊዜ ለ12 ሳምንት ይሠራል። መጠነኛ ሕመም አያስፈራም፤ በማግሥቱ ጧት ከባሰ ግን ቍጥሩን መቀነስ ይገባል። ሕመሙ ጅማቱ ከአጥንቱ በሚጋጠምበት ስፍራ ከሆነ፣ ከደረጃ በታች ሳያወርዱ በደልዳላ ወለል ላይ ይሠራል።

በሩጫ መካከል የመበጠስ ድምፅ የሰማ፣ ወይም ከኋላው የተመታ የመሰለው፣ በእግሩ ጣቶችም መቆም ያቃተው ሰው ጅማቱ ሳይበጠስ አልቀረም። በደረቱ ተኝቶ ባቱን ሲጨብጡት እግሩ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ጥርጣሬው ይበልጥ ይጸናል። እንዲህ ያለው ሰው ሳይታሽና ሳይጎተት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

መምህራንም ከዕረፍት የተመለሱ ተማሪዎችን በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት፣ ቀጥሎም እየጨመሩ ቢያሠሩ ብዙ ሕመም ይከለከላል። ጅማት በትዕግሥት እንጂ በችኰላ አይድንምና።