ስማችሁ ከፊት ሲጻፍ እጃችሁ ወደኋላ ይዘርጋ

በምረቃ ቀን አዳራሹ ይበልጥ የሚደምቀው የሰቃይ ተማሪዎች ስም ሲጠራ ነው። ሜዳሊያ ያጠልቃሉ፣ ዋንጫ ይቀበላሉ፣ እናቶች እልል ይላሉ። ክበብ የመሩ፣ በተማሪዎች ኅብረት ያገለገሉ፣ በስፖርትና በኪነ ጥበብ ግቢውን ያደመቁ ወጣቶችም በየመድረኩ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። ይገባቸዋል! ሌሊቱን በቤተ መጻሕፍት ያነጋ፣ ለጓደኞቹ ጉዳይ የተሯሯጠ ወጣት ሊከበር ግድ ነው። ዛሬ ላነሳው የምፈልገው ግን ከጭብጨባው በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ነው። የተከበረ ሰው ክብሩን ምን ይሥራበት?

ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት የጠየቁ አሉ። በ1907 ዓ.ም. በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ በዋሽንግተን ኤንድ ሊ ዩኒቨርሲቲ፣ 15 ተማሪዎችና መምህራን ተሰባስበው ኦሚክሮን ዴልታ ካፓ የተባለ የተማሪ መሪዎች የክብር ማኅበር መሠረቱ። በትምህርት፣ በስፖርት፣ በማኅበረሰብ አገልግሎት፣ በጋዜጠኝነትና በኪነ ጥበብ ከፊት የሚሄዱ ወጣቶች ተራርቀው እንዳይቀሩ ሊያገናኟቸው ፈለጉ። ተማሪውን ከመምህሩ ጋር በአንድ መዝገብ አሰፈሩ። እስከ ዛሬም በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የዚህ ማኅበር አባል መሆን ትልቅ ክብር ነው።

እኛም የምንኮራበት የክብር መዝገብ አለን። ቻርተርም ማኅተምም የለውም፤ የተጻፈው በአርሲ ደጋ፣ በበቆጂ ነው።

የበቆጂ መዝገብ

በቆጂ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአሰላ አልፋ የምትገኝ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ዙሪያዋ የስንዴ፣ የገብስና የባቄላ ማሳ ነው። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ አየሩ ስስ ነው፣ ዳገቱ አያልቅም። በዚህ አየር ያደገ ልጅ ሳንባውና ልቡ ገና በልጅነቱ ይጠነክራሉ። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ደጋ ብዙ ነው፤ በቆጂ ግን አንዲት ናት። ልዩ ያደረጋት ሰዎቿ እርስ በርስ የተያያዙበት መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

እስቲ የሯጮቿን መዝገብ እንግለጠው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ ደራርቱ ቱሉ የ10,000 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በ1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ በአትላንታ የማራቶን ወርቅ አመጣች፤ በኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት እሷ ናት። ከዚያም የቦስተን ማራቶንን ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈች። በ1995 ዓ.ም. ጥሩነሽ ዲባባ ገና በ18 ዓመቷ በፓሪስ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ የ10,000 ሜትር ውድድር የጥሩነሽ እህት እጅጋየሁ ብሩን፣ ዘመዳቸው ደራርቱ ነሐሱን ይዘው ጎን ለጎን መድረክ ላይ ቆሙ። በ2007 ዓ.ም. ታናሽ እህታቸው ገንዘቤ በሞናኮ 1,500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ50.07 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች።

ከሁሉም በላይ ግን የ2000 ዓ.ም.ን ነሐሴ አስታውሱ። በቤጂንግ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ አራት ወርቅ አገኘች። ሁለቱን ቀነኒሳ በቀለ በ5,000ና በ10,000 ሜትር፣ ሁለቱን ጥሩነሽ ዲባባ በእነዚያው ርቀቶች አመጡ። ጥሩነሽ ሁለቱን ርቀቶች በአንድ ኦሊምፒክ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከነሐሴ 9 እስከ 17 ባሉት ቀናት የአንድ ትልቅ አገር ወርቅ በሙሉ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ልጆች እጅ ወጣ!

ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ተሰጥኦ ነው» ይላሉ። ተሰጥኦ አለ፣ አልክድም። አንድ ባለ ተሰጥኦ በየትም ሊወለድ ይችላል። ከአንድ ቦታ በየትውልዱ የሚፈልቁ ከሆነ ግን ፊተኛው ኋለኛውን የሚስብበት አንዳች ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያ ነገር ሦስት ትምህርት እንውሰድ።

አንደኛ፦ መሪነት ሹመት አይጠብቅም

በበቆጂ መዝገብ ግንባር ላይ መጻፍ ያለበት ስም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የለውም። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በከተማዋ የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱም፣ ፋጡማም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም በእጃቸው አልፈዋል። ሥራቸውም በ2004 ዓ.ም. ለእይታ በበቃው «የሯጮቹ ከተማ» ዘጋቢ ፊልም ለዓለም ታይቷል።

አንድ የስፖርት መምህር ምን ነበረው? አቧራማ ሜዳ፣ የባሕር ዛፍ ጫካ፣ ዳገትና ሰዓት መያዣ። ብዙዎቹ ልጆች ደህና የመሮጫ ጫማ እንኳ አልነበራቸውም። ፀሐይ ሳትሞቅ ልጆቹን ሰብስቦ ያሟሙቃል፣ በዛፎቹ መካከል ያስሮጣል፣ ሩጫቸውን ያያል፣ ክንዱን ያበላሸውን ያርማል፣ በነጋታው እንደገና ይመጣል። ይህ ነው ጠቅላላው ምስጢር፤ በነጋታው እንደገና መምጣት።

እናንተ የክፍል አለቃ ያልሆናችሁ፣ በምርጫ የተሸነፋችሁ፣ ስማችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያልወጣ ተማሪዎች፣ ይህን ልብ በሉ። የመሪነት ወንበር እስኪሰጣችሁ አትጠብቁ። በዶርማችሁ ሒሳብ የከበደው ልጅ አለ? ዛሬ ማታ አብራችሁት ተቀመጡ። በሰፈራችሁ ከትምህርት የቀረች ልጅ አለች? ነገ ቤተሰቧን አነጋግሩ። ማዕረግ ሥራን ተከትሎ ይመጣል፤ ሥራ ግን ማዕረግን ተከትሎ ላይመጣ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ወዳጅነትና ፉክክር አብረው ይኖራሉ

በረጅም ርቀት ልምምድ ማንም ብቻውን አይጠነክርም። ሯጮች በቡድን ይወጣሉ። ከፊት ያለው ነፋሱን ይመክታል፣ ፍጥነቱን ይጠብቃል፣ ሲደክም ሌላው ይተካዋል። ደካማው ከጠንካራው ኋላ ተጣብቆ ሲሮጥ ሳያውቀው ይጠነክራል። ጠንካራውም ከኋላው ኮቴ ስለሚሰማ አይዘናጋም። በልምምድ የተጋገዙ ሰዎች በውድድር ቀን ደግሞ ያለ ርኅራኄ ይፎካከራሉ። ሁለቱ አይጣሉም።

ለዚህ ከ1996 ዓ.ም. የተሻለ ምስክር አላውቅም። በዚያ ዓመት የበቆጂው ቀነኒሳ በ10 ቀን ጊዜ ውስጥ የ5,000ና የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰበረ። ሁለቱም ክብረ ወሰኖች የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበሩ። ከሁለት ወር በኋላ ሁለቱ በአቴንስ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ተገናኙ። ኃይሌ ተጎድቶ ነበር የገባው፤ ከመሪዎቹ እየራቀ ሄደ። ያኔ ቀነኒሳና የአገሩ ልጅ ስለሺ ስህን በሩጫው መሐል ዞር ዞር እያሉ ታላቃቸውን ሲመለከቱ ዓለም አየ። እንደማይደርስባቸው ሲያዩ ወደፊት ተፈተለኩ። ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ።

ክብረ ወሰኑን ወሰደበት፤ አክብሮቱን ግን አልነፈገውም። በየዩኒቨርሲቲያችን የሚጠፋው ይህ መንፈስ ነው። ማስታወሻ ደብተሩን የሚደብቅ ሰቃይ፣ የቀደመውን ክበብ መሪ ስም ለማጥፋት የሚደክም ተተኪ፣ ከጓደኛው ግሬድ ማነስ ደስታ የሚፈልግ ተማሪ፣ ሁሉም ራሳቸውን እየጎዱ ነው። ጓደኛችሁን ብለጡት፣ ደግሞም አስጠኑት። የምታስጠኑት ሰው የእናንተን እውቀት ያጠራዋል። ጠንካራ ተፎካካሪ ያለው ተማሪም ራሱ አይደክምም።

ሦስተኛ፦ ክብር ወደ አገልግሎት ሲቀየር ይሰነብታል

ደራርቱን እንከተላት። በባርሴሎና የተከተለቻት ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ነበረች። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከኦሊምፒክ ለረጅም ዓመታት ታግዳ የተመለሰችው በዚያ ውድድር ነው። ጥቁሯ ኢትዮጵያዊትና ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። የ20 ዓመቷ ወጣት ድሏን ለሌላዋ ስታካፍል ወርቁ ከራሷም ከአገሯም በላይ ትርጉም አገኘ።

ከዚያ ጉዳትን ቻለች፣ ወለደች፣ ተመለሰች። በሲድኒ ኦሊምፒክ በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብራ የ10,000 ሜትር ወርቅን ሁለት ጊዜ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ2002 ዓ.ም. በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ከባርሴሎና እስከ ኒውዮርክ 17 ዓመት ነው። ብዙ ሰው በዚህ ላይ ያርፋል። እሷ ግን በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን የመምራት ኃላፊነት ተቀበለች።

ከእሷ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠው ኃይሌ ነው። በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይመላለስ ነበር። ሲሮጥ ግራ ክንዱን እጥፍ የሚያደርገው ደብተር ይዞ መሮጥ ልማድ ሆኖበት እንደሆነ ሁላችንም ሰምተናል። ያ ልጅ አድጎ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅና 27 የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። በ1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን አስጀምሮ ሩጫን ከሻምፒዮናዎች ብቻ አውጥቶ ለሕዝብ ሰጠ። በሆቴሎቹና በሌሎች ሥራዎቹም ለብዙ ወገኖቹ እንጀራ ከፈተ። ቀነኒሳም ለተተኪዎች የሚሆን የመሮጫ መም በሱሉልታ ሠራ። ደራርቱ በ2017 ዓ.ም. የፌዴሬሽኑን ኃላፊነት ያስረከበችው ደግሞ ለስለሺ ስህን ነው፤ የጥሩነሽ ባለቤት፣ የበቆጂ አማች።

አስተውሉ፤ እነዚህ ሰዎች በሜዳሊያቸው ብቻ መኖር ይችሉ ነበር። የፌዴሬሽን ወንበር ወቀሳ፣ ስብሰባና ድካም ነው። ግን የተማሩበትን ቤት ሌላው እንዲማርበት ማቆየትን እንደ ዕዳ ቆጠሩት። ሜዳሊያ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። የሠራችሁት ሰው ግን እናንተ ባትኖሩም ይሮጣል።

ታዲያ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ

በአሰላ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ፣ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር ወይም በሌላ ግቢ የምትማሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሦስት ነገር ልለምናችሁ።

የመጀመሪያው፦ ከእናንተ በታች ካለ ባች አንድ ተማሪ ምረጡና እስኪመረቅ ተከታተሉት። ያለፋችሁበትን ፈተና፣ የሳታችሁትን መንገድ፣ የጠቀማችሁን መጽሐፍ አትደብቁት።

ሁለተኛው፦ ክበብ ወይም ማኅበር የምትመሩ ከሆነ ምክትላችሁን ዛሬ ማሠልጠን ጀምሩ። ሰነዱን፣ ሒሳቡን፣ የስልክ ቁጥሩን አስረክባችሁ ውጡ። እናንተ ስትለቁ የሚፈርስ ክበብ ካለ ገና አልመራችሁትም ማለት ነው።

ሦስተኛው፦ በዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትገቡ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት ጎብኙ። መምህሮቻችሁን አመስግኑ፤ ለተማሪዎቹ ከየት ተነስታችሁ የት እንደደረሳችሁ ንገሯቸው። ደራርቱ ስታሸንፍ ገና ትንንሽ የነበሩ የበቆጂ ልጆች «ከእኛ ቀዬ ይቻላል» ብለው ነው የተነሱት። ከእናንተ ቀዬም እንዲሁ የሚል አንድ ልጅ እየጠበቃችሁ ይሆናል።

ስማችሁ በማዕረግ ሲጠራ በኩራት ውጡ፣ ዋንጫውን ከፍ አድርጉ፣ ቤተሰባችሁን አስደስቱ። ከመድረኩ ስትወርዱ ግን አንድ ሰው ይዛችሁ ለመውጣት ወስኑ። በቆጂ ስሟ በዓለም የናኘው እንዲህ ነው፤ የእናንተም ትምህርት ቤት፣ የእናንተም ከተማ ሊያደርገው ይችላል። ዛሬውኑ ጀምሩ!