የንግድ መዝገብና የመረጃ ቋት አመራረጥ

የነጋዴ ሀብቱ ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ማን ምን ያህል እንደ ወሰደና ምን ያህል እንደ ከፈለ የሚመሰክርለት መዝገቡም ጭምር ነው። ዱቤ የሰጠ ባለሱቅ መዝገቡ ከጠፋበት ገንዘቡን የሚጠይቅበት ማስረጃ ያጣል። ይህ መዝገብ በብዙ ንግድ ቤቶች ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ስለ ተሸጋገረ፣ የሚያዝበትን መሣሪያ አስተውሎ መምረጥ ከንግድ ሥራ አንዱ ክፍል ሆኗል።

ያለ ክፍያ ከሚገኙትና ምንጫቸው ለሁሉ ክፍት ከሆኑት የቢሮ ሶፍትዌሮች አንዱ ሊብሬኦፊስ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተለይቶ የወጣ ሲሆን፣ ደብዳቤ የሚጻፍበት ራይተር፣ ሒሳብ በሠንጠረዥ የሚሠራበት ካልክ፣ መዝገብ የሚያዝበት ቤዝ የሚባሉ ክፍሎች አሉት።

ብዙዎች መዝገባቸውን በካልክ ይጀምራሉ፤ ለጥቂት ዕቃም ይበቃል። ነገር ግን የአንድ ደንበኛ ስም በየሽያጩ እየተደጋገመ ሲጻፍ፣ አንድ ጊዜ «ኃይሉ» ሌላ ጊዜ «ሀይሉ» ተብሎ ይገባና የአንዱ ሰው ዕዳ የሁለት ሰው መስሎ ይታያል። በመረጃ ቋት ግን ደንበኛው በአንድ ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ ብቻ ተመዝግቦ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሽያጩም በሌላ ሠንጠረዥ ሆኖ በዚያ ቁጥር ከእርሱ ጋራ ይያያዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቶ ማወቅ ይገባል። ቤዝ መዝገቡ የሚታይበትና የሚሞላበት መስኮት ነው፤ መዝገቡ የሚኖርበትን መጋዘን ግን ባለቤቱ ሊመርጥ ይችላል። ምርጫውም በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው ከቤዝ ጋራ አብሮ የሚመጣው ኤችኤስኪውኤልዲቢ ነው። ከጃቫ በቀር ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ መዝገቡም ከቅጹና ከሪፖርቱ ጋራ በአንድ ፋይል ይቀመጣል። ለመማሪያ መልካም ነው። ሆኖም መብራት በድንገት ቢጠፋ ያልተቀመጠው ሥራ ሊጠፋ፣ ፋይሉም ሊበላሽ ይችላል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኤስኪውላይት ነው። ኦዲቢሲ በሚባል ማገናኛ ከቤዝ ጋራ ይገናኛል። አንድ ግብይት ወይ በሙሉ ይጻፋል ወይ ጨርሶ አይጻፍም እንጂ በግማሽ አይቀርም። በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት ግን አንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ በኔትዎርክ ላይ ለብዙ ጸሐፊዎች ማጋራት አይመከርም። አንድ ጠረጴዛ ላለው ሱቅ ተስማሚ ነው።

ሦስተኛው በሰርቨር ላይ የሚሠራው ነው። ከእነዚህም እ.ኤ.አ. በ1986 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረው ሥራ የመጣው ፖስትግሬስኪውኤል፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከማይኤስኪውኤል የተለየው ማሪያዲቢ ይገኛሉ። ሁለቱም ከቤዝ ጋራ ይገናኛሉ፤ ያለ ፈቃድ ክፍያም ይገኛሉ። የአስመጪው መጋዘን ጠባቂ፣ ገንዘብ ያዡና ትራንዚተሩ በአንድ ሰዓት ሊሠሩባቸው ይችላሉ። ገንዘብ ያዡ ሽያጭ እንዲመዘግብ፣ ዋጋ ግን እንዳይለውጥ ማድረግም ይቻላል። በአንጻሩ የሚተክላቸውና የሚጠብቃቸው ባለሙያ ያስፈልጋል።

የትኛውም ቢመረጥ የቀን አቆጣጠሩ ጥንቃቄ ይሻል። ለቀን የተመደበው ዓምድ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ነው። ጸሐፊው የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.ን በልማድ 30/6/2017 ብሎ ቢያስገባ፣ መሣሪያው ጁን 30 ብሎ ሊቀበለው ይችላል፤ የዱቤውም ቀነ ገደብ ሳይታወቅ ይዛባል። ስለዚህ በቀኑ ዓምድ የጎርጎርዮስን፣ በተለየ የጽሑፍ ዓምድ የኢትዮጵያን ቀን መያዝ ይሻላል።

እንግዲህ ነጋዴው አስቀድሞ የሚጠይቀው «በመዝገቡ ላይ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይጽፋል?» ብሎ ነው። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ኤስኪውላይት ይበቃዋል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰርቨር ያሻዋል። በማናቸውም መንገድ በየማታው ቅጂ ተወስዶ ከሱቁ ውጭ ይቀመጥ፤ በየወሩም በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ሙሉ መሆኑ ይመርመር፤ ያልተፈተነ ቅጂ አያስተማምንምና። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ይህ ሁሉ መዝገቡ ከመጥፋቱ በፊት እንጂ ከጠፋ በኋላ የሚታሰብ አይደለም።