ማገጥን ከማገጥ ለመለየት

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ባሕር ዳር አጠገብ ሰባታሚት አካባቢ ጨፌው ላይ ማገጥ ያብባል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሁሉንም ማገጥ ብሎ ያልፈዋል፤ ከብቱም ዝርያ መርጦ አይግጥም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ከሃያ በላይ የማገጥ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነሱም መካከል ሌላ አገር የማይበቅሉ ይገኛሉ።

ችግሩ ዓይን መሳሳቱ ነው። ውሃ የጠገበው ቅጠሉ ይሰፋል፣ የተጋጠው ይኮሰምናል፤ ሁለቱ ግን አንድ ዘር ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ተመራማሪው መልኩን ትቶ ወደ ኢንዛይሙ ይዞራል። ኢንዛይም በዘረመል ትእዛዝ የሚሠራ ፕሮቲን ነው። ትእዛዙ ትንሽ ሲለወጥ አንዱ አሚኖ አሲድ በሌላ ሊተካ ይችላል፤ ኢንዛይሙ ሥራውን ሳያቋርጥ የኤሌክትሪክ ሙሉ (ቻርጁ) ሊለያይ ይችላል።

ለጋ ቅጠል በበረዶ ላይ ተወቅጦ ጭማቂው በቁራጭ የማጣሪያ ወረቀት ይመጠጣል፤ ወረቀቱ ከስታርች በተሠራ ጄል ውስጥ ይሰካል። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ አንዱ ፕሮቲን ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። ከዚያ ጄሉ እንደ ዳቦ በስሱ ተሸንሽኖ እያንዳንዱ ሽንሽን ለተለያየ ኢንዛይም ይቀለማል፤ ኢንዛይሙ በቆመበት ቦታ መስመር ብቅ ይላል።

ጥበቡ ንባቡ ላይ ነው። ከሁለቱም ወላጆች አንድ ዓይነት ቅጂ የወረሰ ተክል አንድ መስመር ያሳያል። የተለያየ የወረሰ ሁለት ያሳያል፤ ኢንዛይሙ ጥንድ ሆኖ የሚሠራ ከሆነ ግን ሦስት ይሆናሉ፤ ከሁለቱ ቅጂዎች የተጣመረው መካከለኛው ደምቆ ይታያል። ዲኤንኤ ማንበብ ባልተቻለበት ዘመን ይህን ማየት መቻሉ ዛሬም ይደንቀኛል። የዘረመል ተመራማሪዎቹ ሌዎንቲንና ሐቢ በ1966 እ.ኤ.አ. የፍሬ ዝንብን በዚሁ መንገድ መርምረው ብዙዎች ያልጠበቁትን ልዩነት አገኙ። እኛም ዘንድ ተመራማሪው እንዳሻው በቀለ በ1983 እ.ኤ.አ. የገብስን ስብጥር በሌላ ኬሚካዊ መለያ፣ በፍላቮኖይድ፣ አጥንተዋል።

ጥቅሙ ዘር ሰብሳቢው ጋ ይጎላል። በራሱ የአበባ ዱቄት የሚራባ ማገጥ ልዩነቱ በአብዛኛው በጨፌና በጨፌ መካከል ነው፤ ከአንድ ቦታ አሥር ከረጢት መሙላት ከንቱ ድካም ነው። ከሌላ ተክል ዱቄት የሚቀበለው ግን አንዱ ጨፌ ብቻውን ብዙ ይዟል።

ዘዴው ድክመት አለው። ሙሉን የማይነካ ለውጥ በጄሉ ላይ አይታይም፤ ስለዚህ የሚቆጠረው ከእውነተኛው ልዩነት ያነሰ ነው። ፔሮክሲዴዝን የመሰሉ ኢንዛይሞች ደግሞ ከቅጠሉ ዕድሜ ጋር ስለሚለዋወጡ፣ ከዋልካውም ከዳገቱም የሚለቀመው ቅጠል እኩያ መሆን አለበት።