ያገለገለ የውሃ ፓምፕ ከመግዛት በፊት

በቆቦ ቆላ፣ በሆርማትና በጎሊና ወንዞች አካባቢ፣ ሽንኩርት ለማልማት ያገለገለ ፓምፕ የሚገዛ አርሶ አደር አስቀድሞ የሞተሩን ጉልበት ይጠይቃል። ፊዚክስ ግን ሌላ ጥያቄ ያስቀድማል፤ ከፓምፑ እስከ ውሃው ወለል ስንት ሜትር ነው?

ፓምፕ በመሳቢያው ቱቦ ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል እንጂ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የከባቢው አየር ነው። ይህ ግፊት በባሕር ጠለል ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ያነሣል፤ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ቆቦ ግን 9 ሜትር እንኳ አይሞላም። የቱቦው ሰበቃና የውሃው ትነት ሲቀነሱ በተግባር 6 ሜትር ያህል ይቀራል። ውሃው ከዚህ ከራቀ ፓምፑ አዲስም ቢሆን አይጠቅምም። ሞተሩን ወደ ጉድጓዱ ማውረድም መፍትሔ አይደለም፤ በጭሱ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል።

ርቀቱ ከተስማማ የፓምፑ ሽፋን ተከፍቶ ተሽከርካሪው ክንፍ ይታይ። ብረቱ በጥቃቅን ጉድጓዶች ከተበላ የእንፋሎት አረፋዎች ጎድተውታል ማለት ነው። ሞተሩም ቀዝቃዛ ሳለ ይነሣ፤ ትኩስ ሞተር ድካሙን ይሸሽጋል።

በሻጩ ደጅ ከበርሜል ውሃ ሲስብ ማየት አይበቃም፤ በዚያ የሚነሣበት ከፍታ ከዜሮ ብዙም አይርቅምና። ፓምፑ በጉድጓድ ላይ ይፈተን፤ ፍሰቱ ከተቆራረጠ በቱቦው ወይም በዘንጉ ጎሚኒ በኩል አየር ይገባ ይሆናል። ገንዘቡ ከዚህ በኋላ ይቆጠር።