በድርብርብ ሰልፋይድ-ሃይድሮክሳይድ ማዕድናት ውስጥ ብረትን መለየት፦ የሞስባወር ስፔክትሮስኮፒ አቅምና ወሰን

አሕጽሮተ ጽሑፍ

ቶቺሊናይትና ቫለሪይት የሰልፋይድና የሃይድሮክሳይድ ንጣፎች እየተፈራረቁ የሚሠሯቸው ማዕድናት ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሞስባወር ስፔክትሮስኮፒ በሁለቱ ንጣፎች ያለውን ብረት እንዴት እንደሚለይና የት ላይ ሊያሳስት እንደሚችል ያብራራል። ዋና ነጥቡ በክፍል ሙቀት የተወሰደ ስፔክትረም ብቻውን የባለሦስት ቫለንስ ብረትን መኖር እንደማያረጋግጥ ማሳየት ነው።

1. መግቢያ

ከሻሸመኔ በስተ ምዕራብ በኮርቤቲ ካልዴራ የሚገኘው ጥቁር ባልጩት ብረት በርከት ብሎ የሚገኝበት እሳተ ገሞራዊ መስታወት ነው። አጠቃላይ የብረት መጠኑን በኬሚካዊ ትንተና ማወቅ ይቻላል፤ ምን ያህሉ ባለሁለት፣ ምን ያህሉ ባለሦስት ቫለንስ እንደሆነ ግን ድምሩ አይናገርም። ብረት በአንድ ክሪስታል ውስጥ በሁለት የተለያዩ ንጣፎች ሲገኝ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል።

ቶቺሊናይት በሰርፐንቲናይት አለቶች ውስጥ፣ ሰልፈር ባለበትና ኦክሲጅን በሌለበት ውሃ፣ በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈጠር ማዕድን ነው። ከሻሸመኔ በሐዋሳ አልፎ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ የሚደረስበት የአዶላ ቀበቶ በቀንጢቻ አካባቢ የሰርፐንቲናይት አለቶች ስላሉት ጉዳዩ ለአካባቢው ተመራማሪ እንግዳ አይደለም። ማዕድኑ እ.ኤ.አ. በ1969 አውስትራሊያ ላይ በወደቀው የመርቺሰን ሜትዮራይት ውስጥም ይገኛል።

2. አወቃቀር

በሰልፋይዱ ንጣፍ እያንዳንዱ የብረት አቶም በአራት የሰልፈር አቶሞች፣ በሃይድሮክሳይዱ ንጣፍ ደግሞ በስድስት ሃይድሮክሲሎች ይከበባል። የቶቺሊናይት ሃይድሮክሳይድ ንጣፍ ማግኒዥየምና ብረት ይዟል። በቫለሪይት ሰልፋይድ ንጣፍ መዳብ ሲጨመር፣ በሃይድሮክሳይዱ ንጣፍ ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ይገኛሉ። ይህ ንጣፍ ውሃ ወዳድ በመሆኑ ቫለሪይት ያለበትን የመዳብ ማዕድን በአረፋ ተንሳፋፊነት መለየት ያስቸግራል።

3. ዘዴው

ሩዶልፍ ሞስባወር እ.ኤ.አ. በ1958 ይፋ ያደረገውና በ1961 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ክስተት 14.4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ባለው ጋማ ጨረር የብረት-57 ኒውክሊየስን ለመመርመር ያስችላል። የጨረሩ ምንጭ በሰከንድ በጥቂት ሚሊሜትር ፍጥነት ወደፊትና ወደኋላ ሲንቀሳቀስ፣ ናሙናው ጨረሩን የሚውጥባቸው ፍጥነቶች እንደ መስመር ይመዘገባሉ። የመስመሮቹ ሽግሽግ የኤሌክትሮኖችን ሁኔታ፣ ክፍፍላቸው የአካባቢውን ቅርጽ ያመለክታል። በሃይድሮክሳይድ ንጣፍ ያለ ባለሁለት ቫለንስ ብረት በሰከንድ 1.1 ሚሊሜትር ገደማ ሽግሽግና ሰፊ ክፍፍል ስላለው በቀላሉ ይለያል።

4. የስሕተቱ ምንጭ

በሰልፋይድ ንጣፍ ያለ ብረት ኤሌክትሮኖቹን ከሰልፈር ጋር በጥብቅ ይጋራል። በዚህም ምክንያት ባለሁለት ቫለንስ ቢሆንም ሽግሽጉ ዝቅ ብሎ፣ ባለሦስት ቫለንስ ብረት ወደሚታይበት ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊሜትር በሰከንድ ወዳለው ክልል ይጠጋል። መስመሩን በሽግሽጉ ብቻ የሚመድብ ተመራማሪ ኦክሲጅን በሌለበት ውሃ የተፈጠረን አለት ኦክሲጅን እንደነካው አድርጎ ሊተረጉም ይችላል። በዚህም የአለቱ ታሪክ ይገለበጣል።

በአንጻሩ እውነተኛ ባለሦስት ቫለንስ ብረትም ሊኖር ይችላል። ናሙናው በአየር ውስጥ ሲፈጭ የሚፈጠር ደቃቅ ኦክሳይድ በክፍል ሙቀት ተመሳሳይ ባለሁለት መስመር ምልክት ይሰጣል። ስለዚህ ናሙናው በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ውስጥ መዘጋጀት አለበት። ልኬቱም በዝቅተኛ ሙቀት ሊደገም ይገባል፦ ኦክሳይዱ በበቂ ሁኔታ ሲቀዘቅዝ 50 ቴስላ አካባቢ መስክ ያለው ባለስድስት መስመር ምልክት ያሳያል፤ በሰልፈር የተከበበ ብረት የሚያሳየው መስክ ግን ቢኖርም በጉልህ ያነሰ ነው። የኤክስሬይ መዋጥ ስፔክትሮስኮፒ ሦስተኛ ምስክር ይሆናል።

የሥራው ቅደም ተከተልም ይታሰብበት። የምንጩ የኮባልት-57 ግማሽ ዕድሜ 272 ቀናት ነው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ 40 በመቶ ገደማ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 16 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ብረታቸው አነስተኛ የሆኑ ናሙናዎች ምንጩ አዲስ ሳለ ቢለኩ ይመረጣል።

5. መደምደሚያ

የሞስባወር ስፔክትሮስኮፒ በሃይድሮክሳይድ ንጣፍ ያለን ባለሁለት ቫለንስ ብረት በአስተማማኝ ሁኔታ ይለያል፤ በሰልፋይድ ንጣፍ ላለው ብረት ግን ተጨማሪ ማስረጃ ይፈልጋል። የባለሦስት ቫለንስ ብረትን መቶኛ የሚያቀርብ ጥናት ልኬቱ የተወሰደበትን ሙቀትና የናሙናውን አዘገጃጀት አብሮ ካልገለጸ፣ ቁጥሩ ለንጽጽር ሊውል አይገባም።